ላልቶ ሲነበብ

ከኅዳር እስከ ጥር ዝናቡ አላባራም። የሮሙ አኒዬኔ ወንዝ ሁለት ጊዜ ሞልቶ ፖንቴ ማሞሎ አጠገብ ያሉትን የአትክልት ቦታዎች ዋጠ። በታኅሣሥ ስደተኞቹ የሚኖሩበት ሕንጻ ማሞቂያ ተበላሸ። ሠራተኛ ይመጣል እየተባለ ወሩ አለቀ። ከአሰብ የመጡት ሽማግሌዎች ካፖርታቸውን ለብሰው ተኙ። ሁለቱ በጉንፋን ጀምሯቸው በሳንባ ምች ሞቱ። ሦስተኛው ኣብርሃ ነበር። በየካቲት መጀመሪያ፣ ማክሰኞ ቀን ቀበሩት።

ረቡዕ ጠዋት ወዳጁ ፀሐዬ ከረቢቢያ አንድ ፌርማታ በሜትሮ መጥቶ ሦስተኛ ፎቅ ወጣ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ሳያንኳኳ ገባ። የኣብርሃ ሚስት ሰመረት ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ጉልበቷ ስለማይታጠፍ እግሮቿን ወደ ፊት ዘርግታለች።

«ቁርስ በልተዋል፣ ጋሼ ፀሐዬ?»

«በልቻለሁ።»

«አልበሉም። ሲኒት፣ ለጋሼ ዳቦ ስጫቸው።»

የወንዶቹ ወንበሮች በመስኮቱ በኩል ተደርድረዋል። የመጀመሪያው ለፀሐዬ የተተወ ነው። ከትናንት ጀምሮ የሚገባው ሁሉ ሰመረትን አጽናንቶ ወደ እሱ ይመጣና «እግዚአብሔር ያጽናህ» ይለዋል፤ ለሥጋ ወንድም እንደሚባለው። ፀሐዬ ሰባ ሰባት ዓመቱ ነው። አንገቱን ደፍቶ ይቀበላል።

ሃብቶም ከጎኑ ነበር። ሃብቶም አሰብ በነበሩ ጊዜ ከኣብርሃ ጋር ጋራዥ ውስጥ የሠራ፣ ዝም ማለት የማይሆንለት ሰው ነው።

«ገበቴን ሲሠራት ላሜራ የማቀብለው እኔ ነበርኩ» ይላል ለሴቶቹ። «ሰባት ወር። ላሜራው ከፈረሰ የነዳጅ ጋን፣ ሞተሮቿ ከሁለት የጭነት መኪና። ከውጭ የመጣ አንድ ነገር የለባትም። ፊቷ እንደ በር ተከፍቶ አሸዋ ላይ ይዘረጋል፤ መኪናው በራሱ እግር ይወርዳል። ውሃ ላይ ያወረድናት ቀን አለቃችን ዞር ብሎ አያትና ምን አለ? ‹ይቺ ጀልባ ናት ወይስ ሊጥ የሚቦካባት?› በዚያው ገበቴ ሆና ቀረች።»

ሴቶቹ ፈገግ አሉ። ሰመረትም።

«ሮም የገባን ሰሞን ደግሞ የብረታ ብረት ሱቅ ይዤው ሄድኩ። ‹ላሜራ አለህ? ሞርሳ? ካቻቢቴ?› አለው ባለ ሱቁን። ሰውየው አንድ በአንድ አወጣለት። ኣብርሃ ወደ እኔ ዞሮ ‹ይሄ ፈረንጅ አማርኛ የት ተማረ?› አይለኝም?»

ሰመረት በነጠላዋ አፏን ይዛ ሳቀች። ሳቋ መሐል ላይ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠና ሴቶቹ ተጠጓት።

ሃብቶም ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ነገ ተኪኤ ይመጣል አሉ።»

ዝቅ ያለው ድምፅ ለሁሉም ተሰማ። የተኪኤ ታላቅ ወንድም ኪሩቤል ከገበቴ ላይ ባሕር የበላው ሰው ነው። ለዚያ ሞት ኣብርሃ ሦስት ዓመት ታስሯል። ተኪኤ ሮም ከመጣ ጀምሮ ኣብርሃን ሰላም ብሎት አያውቅም። ሜትሮ ጣቢያ ላይ ካየው ባቡሩን አሳልፎ የሚቀጥለውን ይሳፈር ነበር።

«ይምጣ» አለች ሰመረት። «በሩ ክፍት ነው።»

«የሚመጣውማ የሕይወት ታሪኩ ሲነበብ ለመስማት ነው። ‹ጥሩ በያጅ ነበር ካሉ እዚያው ተነሥቼ እናገራለሁ› ብሏል።»

«ጋሼ ናቸው የሚያነቡት። የሚሉትን ያውቃሉ።»

ፀሐዬ ኩባያውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ተኪኤ ሊጠላው የሚገባው ሰው አልሞተም። እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ይህን ከሁለት ሰው በቀር የሚያውቅ አልነበረም። አንዱ ትናንት ተቀበረ። ሐሙስ ታሪኩ ተነብቦ ፍራሹ ከተነሣ በኋላ ደግሞ የሚጠይቅ አይኖርም።

ሲኒት ከወጥ ቤት ጠራችው። የኣብርሃ አንድ ልጅ ናት፤ ሮም ተወልዳ ያደገች፣ አውቶቡስ የምትነዳ። ክርስትና ያነሣት ፀሐዬ ነው፤ «ዚዮ»፣ አጎቴ፣ ትለዋለች። እሳት ላይ ትልቁ የቡና ማፍያ ሞካ ተጥዷል። ጠረጴዛው ላይ የአባቷ የወረቀት አቃፊ ተከፍቶ ተቀምጧል፤ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ የፔርሜሶው ፎቶኮፒዎች፣ የሐኪም ወረቀት፣ በመካከሉ አንድ የሣሣ ቢጫ ወረቀት።

«ዚዮ፣ ታሪኩን ጨርሼ ጽፌያለሁ። ይሄ ብቻ ነው የቀረኝ። እርስዎ ያንብቡልኝ።»

የፍርዱ ግልባጭ ነበር። ፀሐዬ መነጽሩን አላወጣም።

«አንቺ አንብቢው።»

ሲኒት ፊደል የቆጠረችው እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ነው። ጣቷን እያስከተለች አነበበች። «‹ተከሳሹ… ላልቷል ለተባለው መቀርቀሪያ… ይ…ጠ…ብ…ቃል… ብሎ በመጻፉ…› አሎራ፣ ይሄ ምንድን ነው? ማን ነው የሚጠብቀው? ማንን ነው የሚጠብቀው?»

«በሁለት መንገድ ይነበባል።»

«በሁለት?»

«‹ብ› ጠብቃ ከተነበበች፣ ይቆያል፣ አያስቸኩልም ማለት ነው። ‹ብ› ላልታ ከተነበበች፣ ብሎኑ ይከርራል፣ አከርረዋለሁ ማለት ነው።»

ሲኒት አፏ ላይ ሞከረችው። አንዴ ከንፈሯን ጨቁና፣ አንዴ ለቀቅ አድርጋ።

«ፊደሏ ስትላላ ነው ብሎኑ የሚጠብቀው?»

«አዎ።»

«ዚዮ፣ አማርኛ ፓዞ ነው፣ እብድ።» ፈገግ ብላ ወዲያው ተወችው። «ባባ የቱን ነው የጻፈው?»

«ሲጻፍ አንድ ነው።»

«የቱን ነው ያለው ታዲያ?»

ሞካው ፈልቶ ተንጫጫ። ፀሐዬ እጁን ሰድዶ እሳቱን አጠፋ።

«እናትሽ ቡናውን ትጠብቃለች» አለ።

የራሱ «ብ» ጠብቃ ስትወጣ ሰማት።

ኪሩቤል በሞተ ጊዜ ገበቴ አራት ዓመት ውሃ ስታመላልስ ቆይታ ነበር። ከአሰብ ፊት ለፊት ባሉት ደሴቶች ላይ ጉድጓድ ቢቆፈር የሚወጣው ጨው ነው። ውሃ፣ ዱቄት፣ ፍየል፣ በሽተኛ፣ የበሽተኛ ዘመድ፣ ሁሉንም ይዛ ሄዳለች። አንዲት ሴት በጭነቱ መካከል ልጅ ወልዳለች። ነጂዋ ፀሐዬ ነበር፤ ባለ ጥገናዋ ኣብርሃ። ጀልባዋ ከሌሎቹ የምትለየው በዚህ ነበር። የሠራት ሰው በየማለዳው መጥቶ ይዳብሳታል።

የጥገና መዝገብ ነበራቸው። በግራ በኩል ነጂው ብልሽቱን ይጽፋል፤ በቀኝ በኩል ባለ ጥገናው መልሱን። በየካቲት ሰባ ዘጠኝ፣ አንድ ማለዳ፣ ፀሐዬ «የራምፓው የግራ መቀርቀሪያ ላልቷል» ብሎ ጻፈ። ራምፓ የሚሉት ያንን የሚዘረጋውን የፊት በር ነው። ሁለት መቀርቀሪያ በግራና በቀኝ በብሎን ከርረው ይይዙታል። ኣብርሃ መዝገቡን ተቀብሎ እርሳሱን በምላሱ አረጠበ። አማርኛ ትምህርት ቤት የገባው ካደገ በኋላ ስለሆነ ሲጽፍ ቃሉን ጮክ ብሎ ይለው ነበር። «ይጠብቃል» አለ፤ «ብ» ላይ ሳይቆም፣ ቀለል አድርጎ። ፀሐዬ ከአንድ ክንድ ርቀት ሰማው።

«እስከ ቀትር ስጠኝ» አለ ኣብርሃ። «ጥርሱ ተበልቷል። ሌላ ብሎን አስገባለታለሁ።»

«ከቀትር በኋላ ነፋሱ አያስወጣም።»

«ነገ ውጣ።»

«የደሴቱ ሰዎች ውሃ ከጠጡ ሁለት ቀናቸው ነው።»

«እስከ ቀትር» አለ ኣብርሃ፣ መፍቻ ሊያመጣም ወደ ጋራዡ ሄደ።

ፀሐዬ የውሃ ቦቴ መኪናው ላይ ተሰካክተው የተቀመጡትን ሰዎች አየ። ወደ ደቡብ አየ፤ ባሕሩ ገና ዝርግ ነበር። የቀኙ መቀርቀሪያ ደህና ነው። አንድ ሰዓት መንገድ ነው። ገመዱ እንዲፈታ አዘዘ። ከወደቡ ሲርቅ ዞሮ ተመለከተ። ኣብርሃ መፍቻውን በእጁ ይዞ ጫፉ ላይ ቆሟል። አልጠራውም።

ነፋሱ ከቀትር በፊት መጣ። የራምፓው የግራ ጥግ አንድ ስንዝር ተከፈተ፣ ከዚያ አንድ ክንድ። ውሃው ቦቴውን አንሸራተተው። ኪሩቤል ጎማዎቹን በሰንሰለት ሲያስር ነበር። ከአሥራ አንዱ ሰው ሦስቱ ባሕር ውስጥ ቀሩ። ፀሐዬ ጀልባዋን እስከ አፏ ውሃ እንደ ሞላች አሸዋ ላይ አወጣት፤ ስምንት ሰው አዳነ ብለው አመሰገኑት።

መርማሪው አሰብን የማያውቅ፣ ከሌላ ቦታ የመጣ ሰው ነበር። መዝገቡን ገልጦ የግራውን አነበበ፣ ከዚያ የቀኙን። «ላልቷል። ይጠብቃል» አለ። «ብ»ን አጥብቆ። ሆን ብሎ አልነበረም፤ አፉ እንዳመጣለት ነው ያነበበው። ቀና ብሎ ኣብርሃን በመገረም አየው።

«የላላ መቀርቀሪያ ይቆያል ብለህ ጻፍክ?»

«አይደለም ጓድ። ላልቶ ነው።»

«መላላቱንማ እናውቃለን።»

«ቃሉ ነው፣ ጓድ። ቃሉ ላልቶ ነው።»

ጸሐፊው ሳቀ። መርማሪው ወደ ፀሐዬ ዞረ። «አንተ እንዲህ ነው የተረዳኸው? ይቆያል ብሎህ ነው የወጣኸው?»

ፀሐዬ ያን ጊዜ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ሚስቱ ሆስፒታል ተኝታለች። ኣብርሃ ከቆመበት ያየዋል። የሚጠበቅበት አንድ ቃል ነው።

«አዎ» አለ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ሞላ። ሐሙስ ነው የአረጋውያን ጠባቂዎች የሚያርፉት። ሴቶቹ ከፓሪዮሊ፣ ከኤውር፣ ከየባለጸጋው ሰፈር አሮጊቶቻቸውን አስተኝተው መጡ። ከቤተ ክርስቲያን የተዋሱት ወንበር አልበቃም፤ ኮሪደሩ ድረስ ቆሙ። ሰመረት ፀሐዬን በእጇ ጠቀሰችው።

«ሲኒት የእስሩን ነገር ጽፋዋለች» አለች በሹክሹክታ። «ይዝለሉት። ስለ ጀልባዋ ያንብቡና ወደ ሮም ይለፉ። ተኪኤም የሚይዘው ያጣል።»

«እሺ» አለ ፀሐዬ።

ቀላል ነበር። የምትለምነው እሷ ናት። ዘልሎ ቢያነብ የሚያመሰግነው እንጂ የሚወቅሰው የለም።

ተኪኤ ከሁሉም ኋላ መጣ። አልገባም። ባርኔጣውን ሳያወልቅ የበሩን መቃን ተደግፎ ቆመ። ወፍራም፣ ፊቱ የተላጨ፣ ስድሳ አምስት የሚሆነው ሰው ነው። ለፀሐዬ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጠው። እንደ ሁልጊዜው።

ፀሐዬ ተነሥቶ መነጽሩን አደረገ። የልደቱን ቦታና ዘመን አነበበ። የገበቴን ሰባት ወር፣ የፈረሰውን ጋን፣ የመኪና ሞተሮቹን፣ ፍየሎቹን፣ በጭነቱ መካከል የተወለደውን ልጅ አነበበ። የሚቀጥለው አንቀጽ፣ የእስሩ፣ ሦስት መስመር ነበር። ከሥሩ «በግንቦት ሰማንያ ሦስት» ይላል።

ዓይኑ ያለፈቃዱ ወደዚያ ዘለለ።

በግንቦት ሰማንያ ሦስት አሰብ ውስጥ የቀረ ትእዛዝ ሰጪ አልነበረም። ስድሳ ሰው ገበቴ ላይ ተሳፍሮ ወደ የመን የሚያሻግረው ይጠብቃል። ኣብርሃ ከእስር ከወጣ ዓመት አልፎታል፤ ወደብ ላይ ጆንያ ይሸከም ነበር። መበየጃውን በጋሪ ገፍቶ መጣ። ማንም ሳያዘው ራምፓውን ዙሪያውን በየደው። «ከእንግዲህ አትከፈትም» አለ፣ ሰመረትንም አሳፈረ። መሬት ከዓይን ከጠፋ በኋላ ፀሐዬ መሪ ወደ ያዘበት መጣ። ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

«ይቅርታ እንድትለኝ አልፈልግም» አለው።

ፀሐዬ ዓይኑን ከባሕሩ አላነሣም።

«አንዲት ፊደል አለችብህ። ሰው ፊት ታነባታለህ፣ እንዳልኩት አድርገህ።»

«መቼ?»

«ስትችል።»

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን አላነሣበትም። ሮም ሠላሳ ሦስት ዓመት እሑድ እሑድ አብረው ምሳ በሉ። ልጁን ክርስትና አስነሣው። ፀሐዬ በየእሑዱ ዛሬ ይጠይቀኛል ብሎ ይሄዳል፤ ኣብርሃ ሰላጣውን ያቀርብለታል።

«ጋሼ?» አለች ሰመረት ከፍራሹ ላይ።

ፀሐዬ ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አቀረበ።

«እዚህ ላይ የሚዘለል አለ» አለ ፀሐዬ። «አልዘለውም።»

ሦስቱን መስመር አነበበ። «ይጠብቃል» የሚለው ቃል ጋ ሲደርስ ቆመና መነጽሩን አወለቀ። ከዚህ በኋላ ወረቀቱ አያስፈልገውም።

«ይህቺን ቃል መርማሪው አጥብቆ አነበባት፣ ይቆያል ብሎ። ኣብርሃ እንደዚያ አላለም። ሲጽፍ አጠገቡ ነበርኩ። አላልቶ ነው ያላት። አከርረዋለሁ፣ እስከ ቀትር ስጠኝ ብሎኛል። መፍቻ ሊያመጣ ሲሄድ ገመዱን ያስፈታሁት እኔ ነኝ። ሲጠይቁኝ መርማሪው እንዳነበበው ነው አልኩ። ኣብርሃ ታሰረ። እኔን አመሰገኑኝ።»

ሃብቶም አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው።

«አንተ ነህ?» አለ ተኪኤ ከበሩ።

«እኔ ነኝ።»

«ኪሩቤል ሰንሰለቱን ሲያስር መላላቱን ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር። እስክንደርስ ይይዛል ብዬ ነው። ከነፋሱ የምቀድም መስሎኝ ነበር።»

«ሜትሮ ላይ ሰላም ትለኝ ነበር» አለ ተኪኤ። ድምፁ አልጮኸም። «የእናቴ ለቅሶ ላይ መጥተህ ሦስት ቀን ተቀምጠሃል። ያንን ሰውዬ ሳየው ባቡር ሳሳልፍ አጠገቤ ቆመህ አይተሃል።»

«አይቻለሁ።»

«ምንም አላልክም።»

«ምንም አላልኩም።»

ሲኒት ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር። «ትናንት ጠይቄህ ነበር» አለች። እርስዎ አላለችም። «የቱን ነው ያለው ብዬ ጠየቅኩህ። ቡና አልከኝ።»

ፀሐዬ ያዘጋጀው ነገር ሁሉ ለተኪኤና ለሰመረት ነበር። ለእሷ አላሰበም። ወረቀቱን አጣጥፎ ጠረጴዛው ላይ አኖረና ካፖርቱን ፈለገ።

ተኪኤ ባርኔጣውን አወለቀ። በሰዎቹ መካከል እየገፋ ገባ። በፀሐዬ አጠገብ ሲያልፍ አላየውም። ሰመረት ፊት ሲደርስ ጎንበስ አለ።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለ። «ማክሰኞ መቅበር ነበረብኝ።»

«ተቀመጥ» አለችው።

ወንበር ሊያቀብሉት ተነሡ። እሱ ግን ከፍራሹ ሥር መሬት ላይ ተቀመጠ፣ ከባዱን ጉልበቱን እንደምንም አጥፎ፣ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ።

ፀሐዬ ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ሄዶ ነበር።

«ጋሼ ፀሐዬ» አለች ሰመረት። እሷ እርስዎን አልተወችም። በቤቱ ውስጥ ያን ያህል ከባድ ነገር ያን ቀን አልተነገረም። «የት ይሄዳሉ? አልጨረሱም።»

«የቀረውን ሲኒት ታንብበው።»

«የቀረውን አላልኩም። ቃሉን። እሱ እንዳለው ይበሉት።»

ፀሐዬ ዞረ። ሰው ሁሉ ያየዋል።

«ይጠብቃል» አለ። ላልቶ።

ሰመረት ዓይኗን ጨፈነች።

«ይድገሙት።»

«ይጠብቃል።»

«እሱ እንደዚህ ነው ያለው?»

«እንደዚህ ነው። እርሳሱን አርጥቦ። እየጻፈ።»

«አንድ ጊዜ ይድገሙት።»

ደገመው። በዚህኛው ጊዜ ሰመረት ድምፅ ሳታወጣ አብራው አለችው። «ብ» ላይ ሲደርሱ ከንፈሮቿ ነካ ተደራርገው ወዲያው ተላቀቁ።